ባትሪ ከመግዛት በፊት፦ የአሮጌ መኪና የቻርጅ ችግርን በቅደም ተከተል መፈለግ

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል ቀድሞ የሚወቀሰው ባትሪው ነው። ከጎረቤት ኬብል ይለመናል፣ በማግስቱ ይገፋል፣ በመጨረሻ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ጥፋቱ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞ ወይም አንድ የዛገ ሽቦ ከሆነ ግን አዲሱም ባትሪ ብዙ ሳይቆይ ይወድቃል፣ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፍተሻው ገንዘብ ከማይጠይቀው ተነስቶ ወደሚጠይቀው ይሂድ፤ ሳይለኩም ምንም ዕቃ አይግዙ።

መመሪያው ኮምፒውተር ለሌላቸው ባለ 12 ቮልት መኪኖች ነው፦ ለፔጆ 404፣ ለቶዮታ ዲኤክስ፣ ለድሮ ላንድክሩዘርና ለመሳሰሉት። ሐረርና ድሬዳዋ እንደነዚህ ያሉት መኪኖች ዛሬም እንጀራ የሚያበሉባቸው ከተሞች ስለሆኑ በትክክል መፈተሽ መቻል ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም። መልቲሜትር፣ 10፣ 12፣ 13 እና 14 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ዲስትልድ ውሃ። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚሸጠው ርካሹ መልቲሜትር ለዚህ ሥራ ይበቃል። የራሱ ባትሪ ሲደክም ግን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ስለዚህ በመጀመሪያ የመለኪያውን ባትሪ ይቀይሩ። በደከመ መለኪያ የተነሳ ደህና ዲናሞ የተፈታበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ። ሽርጥ ወይም ሰፊ እጅጌ ለብሰው ሞተሩ እየሠራ ወደ ቺንጋው አይጠጉ። ቻርጅ ሲያደርግ የቆየ ባትሪ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ አጠገቡ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይኑር። ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ደግሞ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሆናል። ቁልፉ በአጋጣሚ ቦዲ ቢነካ ብልጭታ የማይነሳው በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ በዓይንና በእጅ

የሞተሩን ቁልፍ ያዙሩ፣ ግን አያስነሱ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይዋ የባትሪ መብራት መብራት አለባት። ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ፊውዝ ሄዷል ወይም ሽቦዋ ተቆርጧል። ይህን ቀላል ነገር ብዙ ሰው ያልፈዋል። በበርካታ ዲናሞዎች ላይ ግን የመጀመሪያውን ማግኔት የሚፈጥረው ጅረት የሚያልፈው በዚያች አምፖል ውስጥ ነው፤ አምፖሏ ከሞተች ዲናሞው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ላይሠራ ይችላል። የውጭ ሬጉሌተር (ከዲናሞው ውጭ የተቀመጠ የቮልት ተቆጣጣሪ) ያላቸው የድሮ ቶዮታዎች ግን ማግኔቱን የሚያገኙት በፊውዝ በኩል ነው፣ እዚያ መጀመሪያ የሚታየው የፊውዝ ሳጥኑ ነው።

አሁን ያስነሱ። መብራቷ ከጠፋች ጥሩ ነው፣ ምርመራው ግን በዚህ አያበቃም። ጨርሳ ሳትጠፋ በደብዛዛው ከቀረች ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ዳዮድ (ዲናሞው ውስጥ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ክፍል) ወይም በመንገድ ላይ ቮልት የሚበላ መጋጠሚያ አለ። ጋዝ ሲሰጡ ከጠፋችና ሚኒሞ ላይ (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ) ተመልሳ ከበራች ደግሞ የመኪናውን ዘመን ያስቡ። ፔጆ 404 ከ1960 እስከ 1975 ፈረንሳይ ውስጥ ሲመረት የመጀመሪያዎቹ ይዘውት የመጡት ዳዮድ የሌለውን፣ ባለ ኮሙቴተሩን የድሮ ዲናሞ ነበር። ያ ዓይነት ዲናሞ ሚኒሞ ላይ በቂ ጅረት ስለማያመነጭ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለቷ ተፈጥሮው ነው። ዳዮድ ባለው በኋለኛው ዲናሞ ላይ ግን እንዲህ ሊሆን አይገባም።

ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውን ይመልከቱ። ረጅሙን ክፍል መሐል ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ያህል ይርገብ። ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ቢያጠብቁትም ይንሸራተታል፣ ይቀየር። ሲያጠብቁ ዲናሞውን የሚገፉት በፊተኛው ወፍራም ጎኑ ነው፤ የኋላ ክዳኑ ስስ አልሙኒየም ስለሆነ ይሰነጠቃል። ከልክ በላይ ማጥበቅም የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። በድሬ ሙቀት የውሃ ፓምፕ ማጣት ደግሞ ከቻርጅ ማጣት የባሰ ነው።

የባትሪውን ራሶች ፈትተው ያጽዱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጠው ያጥቡት፤ ቀዳዳዎቹ ግን ክዳናቸው ይጥበቅ፣ ሶዳ ወደ ውስጥ ከገባ አሲዱን ያበላሻል። ከላይ ንጹሕ የሚመስል ራስ ውስጡ ጥቁር ሊሆን ስለሚችል ሳይፈቱ አይፍረዱ። ካሰሩ በኋላ ስስ ግሪስ ይቀቡ።

ደረጃ 2፦ ባትሪው ራሱ

ደካማ ባትሪ ዲናሞውን በሐሰት ያስወቅሳል፣ ስለዚህ የባትሪው ሁኔታ አስቀድሞ ይታወቅ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት ሳያስነሱ ይለኩ። አሁን ከመንገድ የተመለሰ ከሆነ የፊት መብራቱን ለ2 ደቂቃ አብርተው ያጥፉ፣ ጥቂት ይጠብቁ፣ ከዚያ ይለኩ፤ አለዚያ የላይ ላዩን ቻርጅ ነው የሚያነቡት።

12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ ነው። ከ11.9 በታች ከሆነ ባዶ ነው፣ ሌላ ፍተሻ ከመጀመርዎ በፊት በቻርጀር ይሞላ። ቻርጅ ተደርጎ በነጋታው 10.5 አካባቢ የሚያነብ ባትሪ አንድ ቤቱ ሞቷል፣ ከዚያ በኋላ አይድንም።

ቀጥሎ ረዳት ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ይምታ፣ እርስዎ ቮልቱን ይመልከቱ። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ቮልቱ ከ10 በላይ ሆኖ ሞተሪኖው ግን እየጎተተ ቢዞር ባትሪውን ይተዉት፣ ጥፋቱ ኬብሉ ወይም ሞተሪኖው ላይ ነው።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃውን ይመልከቱ። ውሃው ሰሌዳዎቹን ሸፍኖ 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። ሙቀቱ በሚያይልባቸው ወራት፣ ቴርሞሜትሩ ከ35 ሲያልፍ፣ ይህን በየሁለት ሳምንቱ ማየት ልማድ ቢሆን ባትሪው ተጨማሪ ዕድሜ ያገኛል። የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ውሃ ነው፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ባትሪ ውስጥ ሲገባ ሰሌዳዎቹን ያበላሻል። አሲድም አይጨመር፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል። የአሲድ መለኪያ ካገኙ የቤቶቹን ልዩነት ይዩ፦ ሙሉ ባትሪ ከ1.26 እስከ 1.28 ያነባል፣ አንዱ ቤት ከሌሎቹ በ0.05 ካነሰ መጨረሻው ቀርቧል።

ደረጃ 3፦ ሞተሩ ሲሠራ

መለኪያውን ባትሪው ራስ ላይ አድርገው ሞተሩን ያስነሱ፣ ጋዝ ሰጥተው ወደ 2000 ዙር ያድርሱት። የዙር ቆጣሪ ከሌለው በጆሮ ይገመታል። ሁሉም መብራት ጠፍቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ማንበብ አለበት። እንደ ድሬ ባለ ሙቅ ቦታ ወደ ታችኛው ጫፍ ቢጠጋ ይሻላል፤ ጥሩ ሬጉሌተርም ሲሞቅ ራሱ ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ቀትር ላይ፣ ከደንገጎ ዳገት ወርደው እንደቆሙ 13.7 ቢያነብ አይደንግጡ። ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር እንደገና ይለኩ።

አሁን የፊት መብራት፣ የሙቀት ማራገቢያ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ያለውን ሁሉ ያብሩ። ቮልቱ ከ13.2 በላይ ከጸና ዲናሞው ሥራውን ይሠራል። ከዚያ በታች ከወረደ ወደ ደረጃ 4 ይሂዱ። ሞተሩ ሲነሳም ከመነሳቱ በፊት ከነበረበት ካልተነቃነቀ ወይም ጭራሽ ከቀነሰ ምንም ቻርጅ የለም ማለት ነው። ከ14.8 ካለፈ ደግሞ ቻርጁ በዝቷል፣ እሱን ከታች እናየዋለን።

እዚህ ላይ በብርቱ መነገር ያለበት ነገር አለ። «ባትሪውን ፍታው፣ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የሚባለው አፈታተሽ ዲናሞ ይገድላል። ባትሪው ጅረቱን እየተቀበለ ቮልቱን አረጋግቶ የሚይዝ ነው፤ በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ይዘልና ዳዮዱን፣ ሬጉሌተሩን፣ ቴፑን ያቃጥላል። መለኪያ በኪስ እያለ ይህን የሚያደርግ ሰው መኪናዎን እንዳይነካ ይከልክሉ።

ደረጃ 4፦ በመንገድ ላይ የሚጠፋ ቮልት

አሮጌ መኪና ላይ በጣም የሚበዛው ችግር ይህ ነው፤ በጣም የሚዘለለውም ይኸው ነው። ዲናሞው 14.3 ያመነጫል፣ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.1 ነው፤ የቀረው በዛገ መጋጠሚያና በተበላ ሽቦ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ዲናሞው ቢቀየርም ያው ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በ2000 ዙር ይሥራ፣ የፊት መብራቱ ይብራ። ጅረት ካልፈሰሰ ጉድለቱ ስለማይታይ መብራቱ ግዴታ ነው። መለኪያውን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ዲናሞው ጀርባ ላይ ባለው ወፍራም ሽቦ ቡሎን ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ራሱ ላይ ያድርጉ፤ ማሰሪያውን ሳይሆን እርሳሱን። ንባቡ ከ0.3 ቮልት ካለፈ በዚያ መንገድ ላይ ጉድለት አለ። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ ዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያድርጉ። ይህ ከ0.2 እንዳያልፍ።

ከልኩ ያለፈውን መንገድ አሁን በቁርጥራጭ ይለኩት፦ ከእርሳሱ እስከ ማሰሪያው፣ ከማሰሪያው እስከ ኬብሉ ጫፍ፣ ከዚያ እስከ ቀጣዩ ቡሎን። ንባቡ ድንገት የሚዘልበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ነው። በፖዘቲቩ በኩል ሶኬቶችን፣ ቶዮታ ላይ ደግሞ ባትሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን የፊውዝ ሽቦ ይጠርጥሩ። ባትሪ ተገልብጦ የታሰረበት ወይም ኬብል ተገላብጦ የተሰጠበት መኪና ላይ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ዳዮዶቹን ይዞ ይሄዳል።

በግራውንድ በኩል ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ሽቦ ይፈልጉ። ሞተር ወርዶ በተሠራበት መኪና ላይ ይህ ሽቦ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ቡሎኑም ቀለም ላይ ታስሮ ይገኛል። አንድ እርግጠኛ ምልክት አለው፦ ሞተሪኖው ሲመታ የጋዙ ወይም የቾኩ ገመድ ከሞቀ ጅረቱ መንገድ አጥቶ በገመዱ በኩል እየተመለሰ ነው። መቀመጫውን እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት፣ አጥብቀው ይሰሩት፣ እንደገና ይለኩ። አዲስ ግራውንድ ሽቦ መጨመርም ርካሽና ጥሩ መፍትሔ ነው፣ የሞተሪኖ ኬብል የሚያህል ወፍራም ይሁን።

ደረጃ 5፦ ዲናሞው ወይስ ሬጉሌተሩ?

ሽቦዎቹ ደህና ሆነው ቻርጅ ከሌለ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ፣ የካቻቢቴ ጫፍ ወደ ዲናሞው የኋላ ኩሽኔታ ያስጠጉ። ብረቱ ከተሳበ ማግኔት አለ፤ ማለትም ካርቦኖቹ፣ የሚዞረው ሮተርና ሬጉሌተሩ ጅረት እያሳለፉ ነው፣ ጥርጣሬው ወደ ዳዮድና ወደማይዞረው የስታተር ጥቅል ይሄዳል። ካልተሳበ ጅረቱ ሮተሩ ጋ አልደረሰም፦ ፊውዝ፣ አምፖል፣ ሬጉሌተር ወይም ካርቦን። ይህን ሲያደርጉ አይዘግዩ፣ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይሠራ ሲቆይ ኮይሉ ይሞቃል።

ሞተሩ እየሠራ የዲናሞውን ጀርባ በመዶሻ የእንጨት እጀታ ቀስ ብለው ሲመቱት ቻርጅ ከጀመረ ካርቦኑ አልቋል። የድሬን አሸዋና አቧራ ሲበላ የኖረ ካርቦን ቤቱ ውስጥ ይነክሳል፣ ይህ ምልክት እዚህ ብዙ ይታያል።

የውጭ ሬጉሌተር ላለው የድሮ ቶዮታ ወሳኝ ፍተሻ አለ። በዲናሞው ላይ ቢ፣ ኢ፣ ኤን እና ኤፍ የተጻፈባቸው ተርሚናሎች አሉ። የሬጉሌተሩን ሶኬት ይንቀሉ፣ ሞተሩን ያስነሱ፣ የፊት መብራትና ማራገቢያ ያብሩ፣ ቴፑን ያጥፉ። መለኪያውን ባትሪው ላይ አድርገው በሚኒሞ ብቻ ቢን ከኤፍ ጋር በአጭር ሽቦ ለ5 ሴኮንድ ያገናኙ። ቮልቱ ከተነሳ ዲናሞው ጤነኛ ነው፣ ሬጉሌተሩ ወይም ሽቦው ሞቷል። ካልተነሳ ዲናሞው ይፈታ። ጋዝ አይስጡ፤ ተቆጣጣሪ የሌለው ዲናሞ ከ16 ቮልት በላይ በቅጽበት ይወጣል። ሬጉሌተሩ ውስጡ ባለ ዲናሞ ላይም፣ ባለ ኮሙቴተሩ የድሮ ዲናሞ ላይም ይህን ፍተሻ አይሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ዳዮድ፣ ካርቦን፣ ሮተር

ከመፍታትዎ በፊት አንድ ነገር ይለኩ። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው፣ ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪው ላይ ይንኩት። አንዳንድ ርካሽ መለኪያ ዲሲውን ኤሲ አስመስሎ 20 እና ከዚያ በላይ ያነባል፣ በእንዲህ ያለው አይሞከርም፤ ዜሮ ካነበበ ይሠራል። ሞተሩን አስነስተው መብራት ሲያበሩ ከ0.5 ቮልት በላይ ኤሲ ካሳየ ዳዮድ ሄዷል። ዲናሞው የሚያንጎራጉር ድምፅ ያወጣል፣ ራዲዮውም አብሮት ያፏጫል። ሞተሩ ጠፍቶ ከሰዓታት በኋላ የዲናሞው ጀርባ ሞቆ ከተገኘም ዳዮዱ ወደኋላ እያፈሰሰ ነው፤ ሌሊት ባትሪውን የሚያደርቀው እሱ ነው።

ዲናሞው ሲፈታ ኔጌቲቩን አስቀድመው ይፍቱ። ካርቦኑ ከ5 ሚሊሜትር ካነሰ ይቀየር፣ ሁለቱም በአንድ ላይ። ካርቦኑ የሚሄድባቸውን ሁለት የመዳብ ቀለበቶች በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፤ ጣት የሚይዝ ቦይ ካላቸው ወደ ቶርኖ ቤት ይሂዱ። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ከ3 እስከ 5 ኦም ያህል ይነበባል፤ ከቀለበት ወደ ዘንጉ ምንም መነበብ የለበትም። የስታተሩ ሦስት ሽቦዎች እርስ በርስ እኩል ያንብቡ፣ ወደ አካሉ አያንብቡ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታና ጥቁር ጥቅል ከታየ እንደገና ማስጠቅለል ይቻላል፤ ለ404 አዲስ ዕቃ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ጥሩ ጠቅላይ ማወቅ ያዋጣል። ኩሽኔታውን በእጅ ሲያዞሩት ከተንሻከከ በዚያው ይቀየር፣ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል።

ቻርጅ ሲበዛ

ከ14.8 በላይ የሚሄድ ቻርጅ ለሙቀት አገር ባትሪ መርዝ ነው። ውሃው በየቀኑ ይጎድላል፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይሸታል፣ አምፖሎች ቶሎ ቶሎ ይቃጠላሉ። ወዲያው ሬጉሌተር አይግዙ፤ መጀመሪያ የሬጉሌተሩን ግራውንድ ያጽዱ። ግራውንዱ ሲከፋ ሬጉሌተሩ ያነሰ ቮልት ያለ ስለሚመስለው ዲናሞውን ይበልጥ ያስገድደዋል። ከዚህ በኋላም ካልወረደ ይቀየር። የድሮው ባለ ምላስ ሬጉሌተር ምላሱን በጣም ትንሽ በማጠፍ ይስተካከላል፣ ግን በሞቀ ሞተር፣ ክዳኑ ተመልሶ፣ እየለኩ ነው የሚሠራው።

ሁሉም ደህና ሆኖ ጠዋት ባትሪው ባዶ ከሆነ

መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርገው በኔጌቲቭ ራስና በኬብሉ መካከል ያስገቡት። በሮች ዝግ፣ ቁልፍ ወጥቶ። በዚህ ሁኔታ ሞተር ለማስነሳት አይሞክሩ፣ የመለኪያው ፊውዝ ይቃጠላል። ኮምፒውተር የሌለው መኪና ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ሊወስድ አይገባም። ከበዛ ፊውዝ አንድ በአንድ ይንቀሉ፣ ንባቡ ሲወድቅ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ፊውዞች አልቀው ካልወረደ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ይፍቱና ይዩ፤ ያኔ ከወረደ ዳዮዱ ነው። የታክሲ አምፕሊፋየር በቀጥታ ከባትሪ ያለ ፊውዝ ታስሮ መገኘቱም የተለመደ ነው።

ሂሳቡም ይሠራ። የፊት መብራት 9 አምፔር፣ የኋላ መብራቶች 2፣ የሞተሩ ኮይል 4፣ ማራገቢያ 8፣ የፍሬን መብራት 3.5 ያህል ይወስዳሉ። ሲደመር ወደ 27 ነው። 35 አምፔር የሚያመነጭ ዲናሞ ይህን በመንገድ ላይ ይችላል፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሚኒሞ ላይ ቆሞ ግን አይችልም። ላዩ ላይ 200 ዋት አምፕሊፋየር ሲጨመር 16 አምፔር ይመጣል፤ ያኔ የትኛውም ጥገና አያድነውም። 404 ላይ ደግሞ የራዲያተሩ ማራገቢያ የሚያያዘው በኤሌትሪክ ማግኔት ነው፤ ቮልት ሲወርድ ማግኔቱ ይደክማልና የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ሞተር የሚያሞቀው አንዳንዴ ቻርጁ ነው።

ከጥገናው በኋላ ባዶ ባትሪን በአዲስ ዲናሞ ለመሙላት አይሞክሩ። ለሰዓታት ሙሉ ጅረት የሚያወጣ ዲናሞ በዚህ ሙቀት ራሱን ያቃጥላል፤ ባትሪውን በቻርጀር ሞልተው ይሰሩ። ከዚያ ማታ፣ መብራት አብርተው፣ እስከ ሐረማያ ደርሰው ይመለሱ። እንደቆሙ በ2000 ዙር፣ መብራቱ እንደበራ፣ ከ13.2 በላይ፤ በነጋታው ጠዋት ሳያስነሱ 12.5 እና ከዚያ በላይ። ሁለቱን ቁጥሮች ከቀኑ ጋር ኮፈኑ ሥር በማርከር ይጻፉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መኪናውን የሚፈትሸው ሰው መነሻ ይሆነዋል።